የመጀመሪያዬ የጌም ኮምፒውተር፦ ከመክፈሌ በፊት ዝርዝሬን እዩልኝ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ራሴ ስገጣጥም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ገንዘቡን ለማጠራቀም አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን ከተሳሳትኩ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ነው። ስለዚህ እባካችሁ አንድ ጊዜ እዩልኝ።

እስካሁን የምጫወተው በታናሽ እህቴ ላፕቶፕ ነው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ጂቲኤ 5ን ሴቲንጉን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌው እንኳ መኪናው ሲታጠፍ ምስሉ ይቆራረጣል። እሷም ላፕቶፑን ለትምህርቷ ትፈልገዋለች።

የመረጥኩት እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 7 5700ኤክስ፣ ግራፊክስ ካርዱ ባለ 4 ጊጋ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ፣ ማዘርቦርዱ ቢ450። ራሙ አንድ ፍሬ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4። ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ። ኬዙ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፤ 6 ባለ መብራት ፋን አለው፤ ካየሁት ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋም። ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ 600 ዋት ይላል። ሞኒተር አለኝ፤ 1080ፒ፣ 75 ኸርዝ (በሰከንድ 75 ጊዜ ምስል የሚቀይር)።

ገንዘቡን ፕሮሰሰሩ ላይ ያበዛሁት «የኮምፒውተር አንጎሉ እሱ ነው» ሲባል ስለምሰማ ነው። ልክ ነኝ?

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ሳትከፍል ጠየቅክ። አብዛኛው በቀላሉ ይስተካከላል። አንዱ ነገር ግን ያስፈራኛል፤ ከእሱ ልጀምር።

ያንን ፓወር ሰፕላይ ተወው። በ2019 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዬን ስገጣጥም እኔም ከኬዝ ጋር የመጣውን ነበር ያስገባሁት። ኮምፒውተሩ እስከበራ ድረስ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ማታ ጨዋታ መሃል ላይ «ቷ» አለና ሁሉም ጨለመ። ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ራሙና ግራፊክስ ካርዱ ተረፉልኝ፤ ግን ሌላ ቦርድ እስክገዛ አምስት ወር ካርቶን ውስጥ ተቀመጡ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ቀድመህ አንብበው። 12 ቮልት ከሚለው ጋር የአምፔር ቁጥር ታገኛለህ። ያንን በ12 አባዛው። የኔው ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፏል፤ 12 ቮልቱ ላይ ግን የነበረው 25 አምፔር ነው። 25 ሲባዛ በ12፣ 300 ዋት ብቻ። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን ከሞላ ጎደል የሚያገኙት ከዚህ መስመር ነው። የተቀረው 200 ለእነሱ አይደርሳቸውም።

80 ፕላስ የሚለውን ምልክትም ብቻውን አትመነው። እሱ የሚነግርህ ኤሌክትሪኩ ወደ ሙቀት ተቀይሮ እንዳይባክን ምን ያህል እንደተሠራ ነው። ከቮልቴጅ መብዛት፣ ከጭነት መብዛትና ከሾርት መከላከያ እንዳለው ለብቻው ፈልገህ አረጋግጥ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ዋስትና ያለው ደህና 550 ዋት ከገዛህ ይበቃሃል።

ስለ ገንዘቡ አከፋፈል ደግሞ፣ ጌም ላይ ብዙውን ሥራ የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። አንተ ግን ለእሱ የተረፈውን ነው የሰጠኸው። 6500 ኤክስቲ 4 ጊጋ ብቻ ነው ያለው። ከቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በ4 መስመር ነው፤ መስመሮቹ በሙሉ ፍጥነት የሚሠሩት ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 (ካርዱና ቦርዱ የሚገናኙበት መንገድ አራተኛ ትውልድ) ያለው ቦርድ ላይ ነው። ቢ450 ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ስለሆነ ያ ጠባብ መንገድ እንደገና በግማሽ ይጠብባል። 4 ጊጋው ሞልቶ ከራም መበደር ሲጀምር ጨዋታው ይንገጫገጫል። አርኤክስ 6600 ፈልግ። 8 ጊጋ አለው፣ የሚፈልገው ኃይል 132 ዋት ነው፣ ለ1080ፒ ሞኒተርህ ልኩ ነው።

ገንዘቡን ከፕሮሰሰሩ ቀንስ። ራይዘን 5 5600 ባለ 6 ኮር ነው፤ ለ75 ኸርዝ ይተርፍሃል። ደግሞ 5700ኤክስ ማቀዝቀዣ ይዞ እንደማይመጣ ልብ ብለሃል? ዝርዝርህ ውስጥ ማቀዝቀዣ አላየሁም። 5600 በካርቶኑ ሲሸጥ ከነማቀዝቀዣው ነው።

ራሙን ሁለት ፍሬ ባለ 8 አድርገው። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አራት ቀዳዳ ያለው ቦርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ውስጥ ነው የሚገቡት። በሃርድ ዲስኩ ፋንታ ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በብዙ የሚፈጥን ማከማቻ) ያዝ። ሃርድ ዲስክ በኋላ ይጨመራል።

ኬዙን እንደወደድከው ገብቶኛል። ግን ፊቱ መስታወት ከሆነ እነዚያ 6 ፋኖች አየር ከየት ይስባሉ? ፊቱ ወንፊት የሆነ ፈልግ፤ ሁለት ፋን ይበቃዋል።

ሌላ መልስ

እኔም በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። ስለ ማዘርቦርዱ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ሦስት ቀን ያስለቀሰኝ እሱ ስለሆነ። ቢ450 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ 5600 ደግሞ በ2022። ቦርዱ ከተሠራ በኋላ ባዮሱ (ቦርዱ ውስጥ ያለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እኔ ፕሮሰሰሩ የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ነበር። ሻጩ ባዮሱን አድሶ እንዲሰጥህ ጠይቀው። አለዚያ ባዮስ ፍላሽባክ የሚባለው ቁልፍ ያለው ቦርድ ምረጥ፤ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን ባያውቀውም ባዮሱን በፍላሽ ታድሰዋለህ። ቢ550 ከቻልክ የተሻለ ነው።

ግራፊክስ ካርዱን ያገለገለ ከገዛህ ሳታየው አትክፈል። ከባድ ጌም ከፍቶ 30 ደቂቃ ያጫውትህ። ፋኑን በጆሮህ አዳምጥ። ስክሪኑ ላይ ቀለም የተረጨ የሚመስል ነጥብ ካየህ ተወው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን በጭራሽ።

ሌላ መልስ

እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ቦርዱ ላይ የሚገቡበት ኤኤም4 እኮ ዕድሜውን የጨረሰ ሶኬት ነው። ተተኪው ኤኤም5 ከወጣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲሱ ትውልድ የሚመጣው ለእሱ ነው። ጥቂት ወር ታግሶ ወደዚያ ቢገባ ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚቀይረው።

የመጀመሪያው መላሽ

ሐሳብህ ልክ ነው፤ በጀቱ ሰፋ ያለ ቢሆን እኔም ይህንኑ እመክረው ነበር። ኤኤም5 ግን ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ቦርዱም ይወደዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ከግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ያኔ ተመልሶ 4 ጊጋ ላይ ይወድቃል። ልጁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ጠብቋል። አሁን ይጫወት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። 5600፣ አርኤክስ 6600፣ ቢ550፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ፣ 550 ዋት። የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ሻጩ ፊት ቆሜ አባዛሁት፤ 45 አምፔር፣ 540 ዋት። የመስታወቱን ኬዝ መተው ከብዶኝ ነበር፤ ግን ተውኩት።

ትናንት ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ገጠምኩት። መጀመሪያ ሲበራ ምስል አልነበረም፤ ደሜ ቀዘቀዘ። ባዮሱ ነው ብዬ ነበር። ለካስ ኬብሉን የሰካሁት ማዘርቦርዱ ላይ ነው። 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ከዚያ ምንም አይወጣም። ወደ ካርዱ ሳዞረው መጣ። ራሙ 3200 ተብሎ የተገዛ ነው፤ ባዮሱ ግን 2133 ይለዋል። ተበላሽቶ ነው?

የመጀመሪያው መላሽ

እሰይ! ራሙ ደህና ነው። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብራው፤ አንዳንድ ቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይባላል። አስቀምጠህ ስትወጣ 3200 ይሆናል። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ግባ። ሞኒተርህ 75 ኸርዝ ቢሆንም 60 ላይ ትቶት ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው

60 ላይ ነበር። አሁን 75 አደረግሁት፤ ራሙም 3200 ሆኗል። ጂቲኤ 5ን ከፍቼ መኪናዋን ሳዞራት አልተቆራረጠችም። ላፕቶፑን ለእህቴ መለስኩላት።