ውሃው 92 ላይ ፈላ፤ የተሳሳተው ቴርሞሜትሩ ነው?

የ7ኛ ክፍል እናት፣ አዲስ አበባ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ተብላ ተምራለች። እቤት እንሞክረው አለችና ቴርሞሜትር ተዋስን። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። ያው 92። ደብተሯ ላይ ያየችውን ጻፈች፤ ተሰረዘባት። ከፍቷት ነው የመጣችው። ምን ልበላት?

አንድ አባት
ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ ፈትሹት። በረዶ ሰባብራችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና እዚያ ውስጥ ንከሩት። ዜሮ ካሳየ ደህና ነው።

ጡረተኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
ልጅሽን ሳሚልኝ። ትክክል ነች።

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። ለማስተማር ደብረ ብርሃን የመጣሁ ሰሞን የባቄላ ንፍሮ ጣድኩ። ድሬ በለመድኩት ሰዓት አወጣሁት፤ አልበሰለም። ባቄላው ያረጀ መሰለኝ። ሌላ ገዛሁ፤ እሱም ያው። ለካ ነገሩ ከውሃው ኖሯል።

ውሃ የሚፈላው ውስጡ የሚፈጠረው የእንፋሎት አረፋ ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም ሲችል ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ጫናውም ይቀላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ 92 ላይ ይፈላል። ድሬዳዋ 96 አካባቢ፣ እኛ ጋ 91 ገደማ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

100 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ይህ አብሮ ካልተነገራት የደጋ ልጅ በዓይኗ ያየችውን ትጠራጠራለች። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ደብተሯ ላይ ከ92 ጎን «አዲስ አበባ» ብላ ትጻፍበት።

እሳት ስትጨምሪ ቁጥሩ ያልጨመረው፣ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ሙቀቱ የሚሄደው ፈሳሹን ወደ ጋዝ ለመቀየር ስለሆነ ነው። ይህ ደግሞ ብዙ ይበላል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 100 ከሚያሞቀው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ንፍሮሽ ከፈላ እሳቱን ቀንሺ፤ ብታነጂው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይፈጥንም። የሚያፈጥነው ፕሬዠር ድስት ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 በላይ ይግላል።

የ7ኛ ክፍል እናት
መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አነበብኩላት፤ ፊቷ በራ። በረዶውንም ሞከርን፣ ዜሮ አሳየ። አሁን ደግሞ ጠይቂልኝ ያለችኝ፦ ከጀበናው አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር ነው ጋዙ?

ጡረተኛ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን
ጎበዝ! አይደለም። ጀበናው ሲፈላ ጠጋ ብላ ትይ፣ እጇን ግን አታስጠጋ። ልክ አፉ ላይ፣ ነጩ ከመጀመሩ በፊት፣ ምንም የማይታይባት ትንሽ ክፍተት አለች። ጋዙ እዚያ ነው ያለው። የውሃ ጋዝ አይታይም። ነጩ ቀዝቃዛ አየር ሲነካው ተመልሶ ፈሳሽ የሆነ፣ ደቃቅ ጠብታ ነው። እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን የሚሸፍነው ጉምም እንደዚያው ነው። ቀዝቃዛ ማንኪያ ነጩ ላይ ትያዝበትና ምን እንዳየች ጻፊልኝ።