መኪናዬ ፍሬን ስይዝ «ሲጥጥጥ» ትላለች፤ ሸራው አዲስ ነው፣ ምን ልፈትሽ?

ጥያቄ
ሰላም ወገኖች። የፊት የፍሬን ሸራ ካስቀየርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። አሁን ግን ቀስ ብዬ እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ «ሲጥጥጥ» ትላለች፣ በተለይ ልትቆም ስትል። ፈጠን ስል የለም። ፍሬኑ በደንብ ይይዛል፣ ፔዳሉም አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ከፊት ቀኝ የሚመጣ ይመስለኛል። ጎማ መፍታት አያቅተኝም፣ ክሪክና ቁልፍም አለኝ። ጋራዥ ከመግባቴ በፊት ራሴ ላየው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ እያየኝ ተሳቅቄአለሁ።

መልስ 1
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለይ። ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ዝናብ ሲያድር፣ ዲስኩ (ሸራው የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ላይ የያዘ ስስ ዝገት ነው። ሦስት አራት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ ተጠርጎ ይጠፋል። ፍሬን ሳትይዝ እያፏጨ ስትይዝ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ትንሽ ላሜራ አለች። ሸራው 3 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየነካች «አልቄአለሁ» የምትል ናት። ያንተ አዲስ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ግን ሲገጠም ተጣማ ከሆነ ያለጊዜዋ ትጮኻለች። ድምፁ «ግርርር» ወደሚል ከተቀየረ ግን ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ያኔ አትንዳት።

መልስ 2
ጎማ መፍታት ምን ያደርግልሃል? ዲስኩ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ትንሽ ንፋበት፣ ወዲያው ዝም ይላል።

መልስ 3
ኧረ በፈጣሪ! ዝም ማለቱንማ ዝም ይላል፣ መኪናዋም አትቆምም። ዘይት የነካው ሸራ አንዴ ከጠጣ አይታጠብም፣ ይጣላል። ጠያቂው፣ ይህን እንዳታደርግ።

መልስ 4
የጋራዥ ሰው ነኝ። አዲስ ሸራ ገብቶ ቀስ ሲባል የሚጮህ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሸራው ሳይሆን የአገጣጠሙ ነው። ሸራው ዲስኩን ሲፈትግ በጣም ይንቀጠቀጣል፣ የምትሰማው ያንን ንዝረት ነው። ማሲንቆም የሚጮኸው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ሥራህ ንዝረቱን ማጥፋት ነው።

ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላቸው። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ የኋላ ጎማ ላይ ታኮ አድርግ። በክሪክ ብቻ ቆማ እጅህን አታስገባ፤ ማቆሚያ ብረት ከሥር ይግባ። ጎማው ከወጣ በኋላ በብዙ መኪና የካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ ወደ ላይ ማጠፍ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ካወጣኸው ግን በፍሬን ቱቦው አታንጠልጥለው፣ በሽቦ እሰረው።

አሁን ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን አስተያይ። የውስጠኛውና የውጪው ውፍረት እኩል ካልሆነ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ጠርጥር። በእጅህ ስትገፋው ገባ ወጣ ማለት አለበት። የደረቀውን አውጣው፣ ጠርገው፣ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባው። የኩሽኔታ ግራሶ እንዳትነካ! የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠውና ጭራሽ ይነክሳል።

ቀጥሎ የሸራው ጫፎች የሚቀመጡበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍግ። እዚያ ዝገት ሲጋገር ሸራው እንደ ልቡ አይመለስም። ከሸራው ጀርባ የምትገባዋ ስስ ላሜራስ አለች? ብዙ ሰው አሮጌውን ሸራ ሲጥል እሷንም አብሮ ይጥላታል። ንዝረቱን የምትውጠው እኮ እሷ ናት። ጀርባውና ጫፎቹ ላይ ትንሽ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ አድርግ። ዲስኩን የሚይዘው ፊቱ ላይ ግን ጠብታም አይድረስ።

የሸራው ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በሙቀት ደርቋል ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፈህ ብልጭልጩ እስኪጠፋ እሸው። አቧራውን በአየርም በአፍህም አትንፋው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፣ የአሁኑም ለሳንባ አይበጅም። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን) ወደ ውስጥ ከገፋኸው የፍሬን ዘይቱ ከፍ ስለሚል እንዳይፈስ እየው፣ ቀለም ይበላል። ሳትነሳ በፊት ደግሞ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ይህን ረስቶ ግድግዳ የገጨ ሰው አውቃለሁ።

መልስ 5
የእኔ ደግሞ ፍሬን ያዝኩም አልያዝኩም ታፏጭ ነበር። ሁሉንም ካስፈታሁ በኋላ የተገኘው አንዲት ጠጠር! ከዲስኩ ጀርባ ባለው የአቧራ መከላከያ ላሜራ መሃል ገብታ። ላሜራውን በካቻቢቴ ትንሽ ገፋ ስናደርገው ወደቀች። የአንተ ስትይዝ ብቻ ስለሆነ ይህ አይመስለኝም፤ ግን ጎማው ከወጣ አይቀር እዚያም እየው።

ጠያቂው
ፈታሁት። ከሸራው ጀርባ የምትገባዋ ላሜራ አለች፣ የታችኛው ፒን ግን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። በፒንሳ እያዟዟርኩ ነው የወጣው። የውስጠኛው ሸራ ከውጪው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳሳል። ጠርጌ ቀብቼ ገጠምኩት፣ ሸራውንም አሸሁት። ድምፁ በጣም ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሸራውን ልቀይር?

መልስ 4
አትቀይር፣ ገና ብዙ ቀሪ አለው። ስላሸኸው ከዲስኩ ጋር እንደገና መላመድ አለበት። ባዶ መንገድ ፈልግ። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ገደማ ቀስ ብለህ አውርድ፣ ሳትቆም እንደገና ፍጠን። 8 ወይም 10 ጊዜ ያህል ይህን አድርግና ፍሬን ሳትይዝ ትንሽ ንዳ፣ ይቀዝቅዝ። እንደጋለ ፔዳል ረግጠህ አትቁም። የግራውንም ፍታው። ቀኙ ደርቆ ግራው ደህና የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠያቂው
የግራውም ሁለቱ ፒኖች ደርቀው ነበር። ሸራውን የቀየረልኝ ሰው ጭራሽ አልነካቸውም። ሁለቱንም ጠርጌ ዛሬ እንደነገርከኝ ነዳኋት። ዝም ብላለች። አሁን የሚሰማኝ ከኋላ ወንበር ሥር የሚንከባለል የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ነው።