«ካስል»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ግንብ፣ ቤተ መንግሥት ወይስ ምሽግ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አውሮፓ መካከለኛ ዘመን የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ እየተረጎምኩ ነው። መዝገበ ቃላቱ ካስልን (castle፣ በቅጥር የታጠረውን የባላባት መኖሪያ) «ግንብ» ይለዋል። እንደዚያ ብዬ ስቀጥል ግን «ወታደሮቹ የግንቡን ግንብ ወጡ» የሚል ጉድ ይመጣል። «ቤተ መንግሥት» እንዳልለው ባለቤቱ ባላባት እንጂ ንጉሥ አይደለም። «ምሽግ» ልበለው? ደግሞስ ግንብ ነው ግምብ?

ኖራና ድንጋይ፦
ጣጣው የሚመጣው «ግንብ» የቤት ዓይነት ከመሆኑ በፊት የአሠራር ስም ስለሆነ ነው። ከ«ገነባ» ጋር አንድ ነው፤ ድንጋይ በኖራ ወይም በሲሚንቶ ተያይዞ ከቆመ ግንብ ይባላል፣ ሠሪውም ግንበኛ። ማያያዣ ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከተደረደረ ካብ ነው። ስለዚህ ቃሉ የሕንፃውን ቅርጽ አይነግረንም። የበርሊን ግንብ አጥር ነበር፣ የባቢሎን ግንብ ወደ ሰማይ የሚወጣ ማማ፣ የጎንደር ግንብ ደግሞ ነገሥታት የኖሩበት ቤት።

ለእርስዎ ዓረፍተ ነገር መውጫው «ቅጥር» ነው፤ ዙሪያውን ያጠረው እሱ ነው። «ወታደሮቹ ቅጥሩን ዘለው ግንቡ ውስጥ ገቡ» ቢሉ ማንም አይደናገርም። «ግድግዳ»ን ለክፍሎቹ ይተዉት። ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የወጣውን «ማማ» ይበሉት። ቅጥሩን የከበበውን ውሃ «ቦይ» ካሉት መስኖ ይመስላል፤ «ውሃ የሞላበት ጥልቅ ጉድባ» ይሻላል። ድልድዩን «በሰንሰለት የሚነሣ ድልድይ» ብለው አንዴ ይግለጹትና ከዚያ በኋላ «ድልድዩ» ይበቃል። ለጥርሳሙ የቅጥር ጫፍ አንድ ቃል ፍለጋ አይድከሙ፤ «ጥርስ ጥርስ የወጣለት» ማለት ለልጅ ይገባዋል።

ፊደሉን «ግንብ» ብለው ይጻፉ። አፋችን ከ«ብ» በፊት ያለውን «ን» ወደ «ም» ይስበዋል፤ አንበሳንም «አምበሳ» እንላለን። «ገነባ» ላይ ግን «ነ» ቁልጭ ብላ ትሰማለች።

አምባዬ፦
«ምሽግ»ን ይተዉት። የዛሬ አንባቢ ቃሉን ሲያይ ትዝ የሚለው የተቆፈረ ጉድጓድና አፈር የሞላ ጆንያ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ አማርኛ ለካስል አንድ ቃል ያላበጀው እዚህ አገር የመከላከሉን ሥራ ተራራው ስለሠራው ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር ብቻ የሆነ «አምባ» ካለ ቅጥር ማን ይሠራል? ግሸንና መቅደላን ያስቧቸው። ነጋሢ ወገኖች ይጋዙበት የነበረው አምባ ወህኒ ደግሞ ለእስር ቤት ስሙን አውርሶ «ወህኒ ቤት» አስብሎናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ዳዊት የያዘው «አምባይቱን ጽዮንን» ነው፤ ግንብ አላላትም። መጽሐፍዎ ውስጥ ካስሉ ገደል አናት ላይ ከሆነ «አምባው ላይ ያለው ግንብ» ይበሉት፣ ሁለቱም ነገር ይያዛል።

ጀርመኖች ለሁለት ከፍለውታል። መከላከያነቱ የሚያመዝነው «ቡርግ»፣ መኖሪያነቱ የሚያመዝነው «ሽሎስ»። ግንባታው በ1869 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጀርመኑ ኖይሽቫንሽታይን ማማው ሁሉ ለዓይን ነው፤ ሽሎስ ነው። የ«ካስል» የቃሉ ሥር ግን ጦርነት ነው። በላቲን «ካስትሩም» የጦር ሰፈር፣ «ካስቴሉም» የእሱ ትንሹ። ቤተ መንግሥት ማለት የሆነው የዐረብኛው «ቀስር»ም ከዚያው የመጣ ነው። የግብጿ ሉክሶር፣ በዐረብኛ «አል ኡቅሱር»፣ የ«ቀስር» ብዙ ቁጥር ናት።

ግቢ ገብ፦
በሁለቱም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ተዘለለ። ብዙ ሰው «ፋሲል ግቢ»ንና «ፋሲል ግንብ»ን ያምታታል። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ግቢውን ነው፤ 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ውስጥ የፋሲል፣ የቀዳማዊ ኢያሱ፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንፃዎች ለየብቻ ቆመዋል። የፋሲል ግንብ ከእነሱ አንዱ ነው። «ግቢ» ከ«ገባ» የመጣ ሲሆን ዛሬ ለማንኛውም የታጠረ ቦታ ቢሆንም ቀድሞ ቤተ መንግሥት ማለትም ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ግቢ ገብርኤል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ለመጽሐፍዎ ውስጡንም አይርሱ። ባላባቱ እንግዳ ሰብስቦ የሚያበላበት ሰፊ ቤት «አዳራሽ» ነው። ለብቻው የሚያርፍበትን «መኝታ ክፍል» ካሉት ኮንዶሚኒየም ይሆናል፤ «እልፍኝ» ይበሉት። በሩ ላይ ቆሞ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውም አገልጋይ የራሱ ስም አለው፣ እልፍኝ አስከልካይ።

ጀማሪ ተርጓሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅጥር፣ ማማ፣ አዳራሽ፣ እልፍኝ ብዬ ይዣለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጆቹ ባሕር ዳር በአሸዋ ካስል ይሠራሉ። እሱስ?

ኖራና ድንጋይ፦
«የአሸዋ ቤት»። ሥዕሉ ላይ ማማና ቅጥር ካለው «የአሸዋ ግንብ» ይበሉት፣ ኖራ ባይገባበትም እናልፍዎታለን።