መወጣጫ የለበሰ ሕንፃ ፎቶው ጥበብ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በግንባታና በእድሳት ላይ ያሉ ሕንፃዎችን ማንሳት ሱስ ሆኖብኛል። ያለቀ ሕንፃ ብዙም አይስበኝም። ግን ፎቶዎቼ የኮንትራክተር ሪፖርት ይመስላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሙሉ ሕንፃውን ተወውና ተጠጋ። ከአርማታው ያፈነገጠ የፌሮ ጫፍ፣ ዝገቱ በግድግዳው ላይ የወረደበት ቡናማ መስመር፤ እኔ እዚያ ላይ ነው የምቆየው። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የመወጣጫው ጥላ ግድግዳውን በካሬ ይከፋፍለዋል። እኩለ ቀን ላይ ግን አትልፋ፣ ሁሉም ነገር ድርቅ ይላል።

መልስ፦ ሰውም ይግባበት እንጂ! አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ሉዊስ ሃይን እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲገነባ ሠራተኞቹን ባያነሳ ኖሮ ብረት ብቻ ነበር የሚቀረን።

መልስ፦ ሕንፃው ሲታደስ የሚሸፈንበትን መረብም ሞክረው። ካሜራውን በትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) አቁመህ ሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ አዘግየው፤ መረቡ በነፋስ ሲወዛወዝ ይደበዝዛል፣ የመወጣጫው ቧንቧዎች ጥርት ብለው ይቀራሉ። ደግሞ ሳታስፈቅድና ሄልሜት ሳታደርግ እንዳትገባ።