ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ መድኃኒት) እየወሰዱ ለተኮማተረ እጅ አኩፓንክቸር (የቻይና የመርፌ ሕክምና) ማድረግ ይቻላል?

አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። አምና ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እግራቸው ተሽሏቸው በከዘራ ይራመዳሉ። እጃቸው ግን በመላላት ፈንታ እየገተረ ሄዶ አሁን ክርናቸው ታጥፎ ደረታቸው ላይ ቀርቷል፤ ጣቶቻቸውም እንደተጨበጡ ናቸው። ብርድ ሲሆንና ሲያዛጉ ይብስባቸዋል። መዳፋቸውን ለማጠብና ጥፍራቸውን ለመቁረጥ እንኳ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እሳቸውም ሕመሙን ችለው ዝም ሲሉ ማየት ይከብዳል።

ፊዚዮቴራፒ አላቋረጡም፤ ቤትም እኛ እጃቸውን እናፍታታለን፣ ማታ ማታ መደገፊያ እናስርላቸዋለን። ጡንቻ የሚያላላ ባክሎፌን የሚባል መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። መጠኑ 10 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ሲደርስ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር፣ የተሻለው እግራቸውም ከዳቸው፤ ሐኪማቸው ቀነሱላቸው። የተገተረ ጡንቻን የሚያላላው የቦቶክስ መርፌ ደግሞ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው።

ስለዚህ አኩፓንክቸር አስበናል፤ የቻይና ሐኪሞች ያሉበት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ለሰፈራችን ቅርብ ነው። የተጎዳውን አንጎል እንደማይመልስ እናውቃለን። እጁ ትንሽ ላልቶ መዳፋቸው ቢታጠብ ይበቃናል። የሚያስፈራን ሌላ ነው፦ የልብ ምታቸው የተዛባ ስለሆነ ዋርፋሪን ይወስዳሉ፣ አይኤንአራቸው (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እንዳይቋረጥ ተነግሮናል። መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም ቢያጠራቅምስ?

ዋርፋሪን ሳያቋርጥ ለተገተረ እጁ አኩፓንክቸር የተደረገለት ቤተሰብ ያላችሁ፣ ወይም ሕክምናውን የምትሰጡ ባለሙያዎች፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ምን ዓይነት ጥንቃቄ ተደረገ?