የሲኒማ ቤት የቲኬት ሽያጭ ለሕዝብ ይገለጥ? (ክርክር)

አወያይ፦ የዛሬው የመከራከሪያ ነጥብ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች ለሚታይ ለእያንዳንዱ ፊልም ስንት ቲኬት እንደተሸጠ በየሳምንቱ ለሕዝብ ይገለጥ? ወይስ የባለ አዳራሹና የፕሮዲዩሰሩ ጉዳይ ሆኖ ይቅር? ስድብ አይፈቀድም። የአዳራሽም ሆነ የሰው ስም እየጠራችሁ አትካሰሱ።

የፊልም ተማሪ፦ ይገለጥ እላለሁ። ስለ ፊልማችን የምናወራው ሁሉ እስከ ዛሬ በግምት ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር "የአማርኛ ፊልም አለቀለት" ተባለ። ከዚያ ዩቲዩብ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዳራሾችን ዘጋ። ተመልካቹን ያሸሸው የትኛው ነው? ምን ያህል ሰውስ ሸሸ? ሁሉም የየራሱን ጠላት መርጦ ይራገማል እንጂ አንድ ሰንጠረዥ ይዞ የሚመጣ የለም። በሌላ በኩል ፖስተሩን ብታዩ "በተመልካች ጥያቄ ለሁለተኛ ወር" የማይል ፊልም የለም። ጠያቂው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፦ ልጄ፣ ቁጥር ማወቅና ቁጥር ማውጣት የተለያዩ ናቸው። እኛ ቁጥሩን እናውቀዋለን፤ ለፕሮዲዩሰሩም እንነግረዋለን። ለመንገደኛው ሁሉ የምንነግርበት ምክንያት ግን አልታየኝም። የሥጋ ቤት ባለቤት ትናንት ስንት ኪሎ እንደሸጠ በሩ ላይ ይለጥፋል? ደግሞ ገበያችን ጠባብ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ፊልም በሺህ በሚቆጠሩ አዳራሾች በአንድ ቀን ይከፈታል፤ በአንዱ ቢከስር በሌላው ይካካሳል። እዚህ ጥቂት አዳራሾች ውስጥ ወረፋ ጠብቆ የገባ ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት "ባዶ ነበር" ከተባለ በሁለተኛው ሳምንት ማን ይመጣል? ቁጥሩ ራሱ ይገድለዋል።

ፕሮዲዩሰር፦ "ለፕሮዲዩሰሩ እንነግረዋለን" የምትለዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። ይነገረኛል፤ እውነት ነው። የሚነገረኝን ግን የማመሳክርበት ነገር የለኝም። ገቢው ላይ ከመንግሥት ድርሻ የተረፈውን ከአዳራሹ ጋር ስካፈል የሒሳቡ መነሻ የእነሱ ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ሁላችንም የራሳችንን ሰው በር ላይ የምናቆመው። ባለንብረት ሆኖ በንብረቱ በር ላይ ዘበኛ የሚቀጥር ነጋዴ ቢኖር እኛ ነን።

የቀድሞው ቲኬት ቆራጭ፦ ስለ በሩ ከተነሳማ እኔ ልናገር፤ ጉልበቴ ያለቀው እዚያ ነው። ቲኬቱ ተራ ቁጥር ያለው ጥራዝ ነበር። መስኮቷ ላይ ያለችው ሴት ትሸጣለች፤ እኔ በር ላይ ቀድጄ ግማሹን ሣጥን ውስጥ እጨምራለሁ። ማታ የተሸጠው ጥራዝ ከሣጥኑ ቅዳጅ ጋር ይቆጠራል፤ ከገጠመ ሰላም ነው። አሁን ሌላውን ስሙ። ሕዝቡ ሲጋፋ በሩ ላይ ያለው ሰው ቲኬቱን ሳይቀድ ይቀበላል። ያልተቀደደው እጅ በእጅ ወደ መስኮቱ ይመለስና እንደገና ይሸጣል። አንድ ተራ ቁጥር፣ ሁለት ተመልካች። ማታ ሲቆጠር ጥራዙም ቅዳጁም ልክ ነው፤ ሒሳቡ ንጹሕ፣ አዳራሹ ጥቅጥቅ! የፕሮዲዩሰሩ ሰው ይህንን ስለሚያውቅ ወረቀቱን ትቶ ጭንቅላት ይቆጥራል። አንዱ ልጅ በግራ ኪሱ ሽምብራ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሥር ሰው በገባ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ቀኝ ኪሱ ያሻግራል። ማታ ፍሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፋቸው የአለቃችን ፊት ይለዋወጥ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ ልጁም ቢሆን ሻይ ተጋብዞ ፍሬዎቹ ያንሳሉ። እና ቁጥር ይገለጥ ስትሉ የትኛው ቁጥር እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የጥራዙ? የሣጥኑ? የሽምብራው?

የፊልም ተማሪ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የነገሩን የወረቀት ዘመን ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ቲኬት በስልክ መሸጥ ብርቅ አይደለም። ወንበሩ በኮምፒውተር ከተያዘ ሁለት ሰው አይቀመጥበትም። ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። የሀገሪቱ የፊልም ምክር ቤት የሲኒማ ቤቶችን ሽያጭ በአንድ መረብ አገናኝቶ የየዕለቱን የተመልካች ቁጥር ለማንም ክፍት አድርጎታል።

የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፦ ኮሪያን ካነሳህ እስከ መጨረሻው አንሳት። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሪያ ፖሊስ ታላላቅ ሲኒማ ቤቶችንና አከፋፋዮችን መርምሯል። የተጠረጠሩት ሰው በሌለበት የእኩለ ሌሊት ትርዒት ቲኬት እየገዙ ፊልሞቻቸውን በደረጃ ሠንጠረዡ ከፍ በማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ የተሸጠ ወንበር ቆጠረ። ሠንጠረዥ ባይኖር ይህንን የሚሠራ ሰው ይኖር ነበር? አሁን በእኛ ሀገር ቁጥር ይቀነሳል፤ መግለጥ ስንጀምር ደግሞ ይጨመራል።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። በብር ነው ወይስ በሰው የምትቆጥሩት? እንበል፣ ቲኬት 100 ብር በነበረ ጊዜ አንድ ፊልም 10,000 ሰው አየው፤ 1 ሚሊዮን ብር ገባ። ዋጋው 250 ሲሆን 4,000 ሰው ያንኑ 1 ሚሊዮን ያስገባል። ጋዜጣው "ሪከርድ ተስተካከለ" ብሎ ሊጽፍ ነው፤ እውነታው ግን ከግማሽ በላይ ተመልካች ጠፍቷል። ናይጄሪያ ውስጥ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ፊልም በሳምንታት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ናይራ በላይ አስገባ ተብሎ ተጨበጨበ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የናይራ ምንዛሬ በዚያው ዓመት አጋማሽ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዋጋው እንዴት እንዳሽቆለቆለ የሚያስታውስ ሰው ያንን ቢሊዮን ከቀደሙት ሪከርዶች ጎን ሲያቆመው ይጠነቀቃል። የእኛም ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እየዋለ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች እንደሚያደርጉት ሰው ይቆጠር።

ሰውም ቢሆን ለብቻው አይበቃም። በአሥር አዳራሽ የሚታይ ፊልምና በአንድ አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ብቻ የሚታይ ፊልም በድምር አይወዳደሩም። ስንት ትርዒት ታየ፣ በትርዒቱ ስንት ወንበር ነበረ፣ ስንቱ ተያዘ የሚለው ከጎኑ ካልተጻፈ ትልቁ አዳራሽ የደረሰው ሁልጊዜ አሸናፊ ነው። የፋሲካ ሰሞን የደረሰውም እንደዚሁ።

ፕሮዲዩሰር፦ እህቴ፣ ይህ ሁሉ ሲጠራቀም መረጃውን ማን ይሰብስብ? ገቢዎች ቢሮ ነው? እሱ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ያገኘዋል።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ያገኘዋል፤ ሊያወጣው ግን አይችልም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ከፋይ መረጃ በምሥጢር እንዲያዝ ያዛል። እንግዲህ መንገዱ አዳራሹና ፕሮዲዩሰሩ በውላቸው ላይ ፈቅደው ለሦስተኛ ወገን እንዲሰጡ ነው። አንድ ነገር ካላገኙበት ደግሞ ለምን ይፈቅዳሉ? ፈረንሳይን የጠቀስኩት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የፊልም ማዕከላቸው ከእያንዳንዱ ቲኬት ከአሥር በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ልዩ ታክስ ያስሰበስባል። ገንዘቡም ተመልሶ ለፊልም ሥራና ለአዳራሽ ድጋፍ ይውላል፤ ለፕሮዲዩሰሩ የሚደርሰው ድጋፍ ፊልሙ ከሸጠው ቲኬት ጋር ይያያዛል። እዚያ ቁጥር የደበቀ ራሱን ጎዳ። እኛ ዘንድ ግን የሚጠቀመው ደባቂው ነው። የፊልም ፖሊሲ ጸድቆልን ሳለ ይህንን ገመድ እስከ ዛሬ አለመቋጠራችን ያናድደኛል።

የሲልቨር ስፕሪንግ ተመልካች፦ ከአሜሪካ ነኝ። እኛ ጋ የአማርኛ ፊልም ሲመጣ አዳራሽ ተከራይተው አንድ ምሽት ያሳያሉ፤ እኛም ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን። ቲኬት ግማሹ በር ላይ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። ይህ ሕዝብ በየትኛው ሠንጠረዥ ነው የሚገባው? ለአንዳንድ ፊልም የውጪው ገቢ ከአዲስ አበባው ቢበልጥ አይገርመኝም።

አወያይ፦ የውጪውን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ተማሪው "ከየት ይጀመር" ለሚለው ሐሳብ አለኝ ብሏል።

የፊልም ተማሪ፦ ከከተማ አስተዳደሩ ሲኒማ ቤቶች ይጀመር። የሕዝብ ንብረት ናቸው፤ ስለዚህ "የግል ንግድ ምሥጢር ነው" የሚለው ክርክር እዚያ ውሃ አይቋጥርም። ለየፊልሙ የትርዒት፣ የወንበርና የተመልካች ቁጥር ብቻ ይውጣ፤ ብር አይጻፍ። ባዶ የተባለ ፊልም እንዳይገደል ደግሞ ከአዳራሽ ከወረደ በኋላ ይውጣ። ለፕሮዲዩሰሩ ግን በዚያው ምሽት ይድረሰው።

የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፦ "ከወረደ በኋላ" ካልከኝ ጠባችን ይቀንሳል፤ ሳምንታዊውን እቃወማለሁ እንጂ ይህንን አልቃወምም። ግን እወቁት፣ የሚሸሸው አዳራሹ ብቻ አይመስለኝም። ከእናንተ መካከል ፊልሙ ባዶ ወንበር እንደነበረው ለስፖንሰሩ እንዲነገርበት የሚፈርም ማን ነው?

ፕሮዲዩሰር፦ እኔ እፈርማለሁ። ነገር ግን በምርቃቱ ምሽት በጥሪ ካርድ የሚገባው ሰው ለብቻ ይጻፍ። እሱ ተመልካች አይደለም፤ ኬክ ቆርሶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚሄድ ነው።

የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፦ የጥሪ ካርዱን የምታትሙት እናንተ ናችሁ። ስንት እንዳተማችሁ ለእኛ ነግራችሁን ታውቃላችሁ?