ሰው የጻፈውን አማርኛ በሰው ፊት ማረም፦ እርዳታ ነው ወይስ ማሸማቀቅ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። በሰፈር ቴሌግራም ግሩፖች ላይ ፊደልና ሰዋስው የሚያርሙ ሰዎች በዝተዋል። የቱ ስሕተት ቢነገር ይጠቅማል? የቱስ ቢታለፍ ይሻላል? አነጋገሩስ እንዴት ይሁን?

ፊደል ቆጣሪ
ትርጉሙ ተዛብቷል ወይ ብለህ ጠይቅ። በግዕዙ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፣ «ሰአለ» ለመነ። ምሕረት ከ«መሐረ»፣ ትምህርት ከ«መሀረ» ይወጣል። ለባነር ወይም ለመቃብር ሐውልት የሚሆን ጽሑፍ ከሆነ ሳይቀረጽ መንገር ውለታ ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ ማን ይፍቀዋል? በተራ ጨዋታ ላይ ግን «ፀሀይ» ያለውን «ፀሐይ» በል ማለት ምንም አይጨምርም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው።

የመንዝ በግ
አራሚዎቹ ራሳቸው ይስታሉ እኮ! «ሦስት በግ አለኝ» ያለውን «በጎች በል» ይሉታል። ቁጥር ከቀደመ ነጠላውም ትክክል ነው። «መምህራኖች» እና «ካህናቶች» ግን ብዙ ቁጥር ላይ ብዙ ቁጥር መደረብ ነው፤ «መምህራን» ይበቃል።
ከሁሉ የሚከፋው «ተመሐል ሜዳ መጣሁ» ያለውን ሰው «ከ በል» ብሎ ማሳቀቅ ነው። መንዝም ወሎም «ከ»ን «ተ» ማለት የአገር አነጋገር ነው። ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ «ከ» ይጻፍ፣ እሺ። በወሬ መሀል ግን የሰውን አፍ ማስያዝ ነው፤ ሁለተኛ አይጽፍም።

እትዬ አወያይ
«ን» ስትቀር ዝም አትበሉ። «ሹፌሩ ፖሊሱ መታ» ሲባል መቺው ማን ነው? «ሹፌሩን ፖሊሱ መታው» ወይስ «ሹፌሩ ፖሊሱን መታው»? እንዲህ ያለው ስም ያጠፋል። «ወንድሜ፣ ተመቺው ሹፌሩ ነው?» ብላችሁ በጥያቄ አቅርቡት፤ «ተሳስተሃል» አትበሉ። ሌላውን ሁሉ በውስጥ መስመር፣ አንድ ቃል ብቻ። በልቅሶ መልእክት ሥር ጨርሶ አይታረም።

ጠያቂ
እትዬ፣ በውስጥ ከተነገረ ሌላው አንባቢ በስሕተቱ አይቀርም?

እትዬ አወያይ
አይቀርም። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው መልእክቱን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማስተካከል ይችላል። ቶሎ ንገሩት፣ ራሱ ያርመዋል።